የዓሣ መረቅ ዱቄት ለመሥራት ስፕሬይ ድራየር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የባልትናዋ ልጅ፦

ሰላም ጎበዝ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን ነኝ። ከእናቴ ጋር የባልትና ሥራ አለን። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቅመማ ቅመም። አምስት ሰው ነን። የራሳችን ወፍጮና ማሸጊያ አለን፣ አዲስ አበባ የምናስረክባቸው ሱቆች አሉ። ባለፈው ሁዳዴ አንዷ ደንበኛችን "የዓሣ መረቅ ዱቄት ለምን አትሠሩም? ሙቅ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ጣል፣ አለቀ" አለችኝ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታምጡብኝ። ከእናቴ ጋር ያለብኝ ይበቃኛል።)

ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሞከርኩት። የባቱ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ አዲስ አበባ ላይ ፊሌቶው ከወጣለት በኋላ ጭንቅላቱና አጥንቱ በርካሽ ይገኛል። በረዶ አስደርጌ አመጣሁና በ40 ሊትር ድስት ሙሉ ቀን ቀቀልኩት። መረቁ ግሩም ነበር። እናቴ እንኳን ፊቷን እያጨማደደች ሁለት ስኒ ጠጣች።

ጉዱ የመጣው ማድረቁ ላይ ነው። በትሪ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ዝንቡ ሌላ፣ ሽታው ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ትሪው ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ቀረ። በቢላ ፍቄ አነሳሁት። ሁለተኛውን ድስት ምድጃ ላይ አደርቀዋለሁ ብዬ አሳረርኩት። ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ "ምን ነበር የሚሸተው?" ይሉኛል።

አሁን አንድ ደላላ አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ስፕሬይ ድራየር (ፈሳሽን ሙቅ አየር ውስጥ ረጭቶ ዱቄት የሚያደርግ ማሽን) አለ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። የወተት ዱቄት የሚሠራበት ዓይነት፣ ግን ትንሽ። ሆዱ አንድ ሜትር ስፋት አለው። የተለጠፈበት ጽሑፍ 9 ኪሎዋት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ይላል። በቀን 8 ሰዓት ብሠራበት 40 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ ታነበዋለች።

ይሠራልኛል? ሽታውስ ወደ ሽሮዬ አይሄድም?

ታዛቢው፦

ዓሣ? በደብረ ብርሃን? በጉ ምን አደረገሽ? 😀

የወተቱ ጋሼ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀብድ እንዳትሰጪ። ከሰጠሽም እንደጠፋ ገንዘብ ቁጠሪው።

ሸኖ ነኝ። ቅቤውን እንጂ ሰውየውን አታውቂውም። ከጡረታዬ በፊት 11 ዓመት የወተት ድራየር ላይ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ያ "5 ኪሎ" የሚለው ዱቄት አይደለም። ውሃ ነው። ማሽኑ በሰዓት የሚያተነው የውሃ ልክ ነው። ስፕሬይ ድራየር ሁሌም የሚለካው በሚያወጣው ዱቄት ሳይሆን በሚያባርረው ውሃ ነው። ደላላ ደግሞ ይህን ቢያውቅም አይነግርሽም።

አሁን ያንን ድስትሽን አስቢው። የአጥንት መረቅ ጥሩ ሆኖ ቢወጣ ከመቶው 5 እጁ ነው ደረቅ ነገር። የቀረው 95ቱ ውሃ ነው። ስለዚህ 40 ሊትሩ ድስት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዱቄት 2 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት 19 ኪሎ ውሃ ማባረር አለብሽ። በሰዓት 5 ቢያባርር ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። 40 ኪሎ ያልሽው በቀን 2 ኪሎ ሆነ ማለት ነው።

እሱም ማሽኑ ባሕር ዳር ቢተከል ነው። ባሕር ዳር ከተማን ሳይሆን እውነተኛውን ባሕር ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ውሃውን የሚያባርረው ሙቀት የሚመጣው በአየር ተጭኖ ነው። ፋኑ እዚህም እዚያም እኩል ይሽከረከራል፣ በሰዓት እኩል ሜትር ኪዩብ ይገፋል፣ ግን እዚህ አንዱ ሜትር ኪዩብ የሚይዘው አየር ክብደቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ጭነቱ ግማሽ እንደሞላ አይሱዙ በይው። መንገዱን ይሄዳል፣ ያደረሰው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ 5 የተባለው 3 ተኩል ሆነ ብለሽ አስቢ። አንድ ኪሎ ዱቄት ከአምስት ሰዓት በላይ። በ9 ኪሎዋት ማሞቂያ አምስት ሰዓት ማለት፣ ማሞቂያው ሙሉውን ከሠራ፣ ለአንድ ኪሎ 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ፋኑና ፓምፑ ሳይጨመር። ቆጣሪሽን አይተሽ አባዢው።

ማሽኑ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። እንዲያውም ጥበቡ ደስ ይላል። ከላይ አንድ ዲስክ አለ፣ የሻይ ማስቀመጫ የሚያክል፣ በደቂቃ 25 ሺህ ጊዜ የሚዞር። መረቁ እሱ ላይ ጠብ ሲል ጉም ሆኖ ይበተናል። 170 ወይም 180 ዲግሪ የሆነ አየር ይቀበለዋል። ሰው "180 ዲግሪ ያሳርረዋል" ይላል። አያሳርረውም። ጠብታው ውሃ እያለው ድረስ ላቡ እንደሚያቀዘቅዘው ሰው ነው፣ ራሱን ያቀዘቅዛል። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ አየሩም ሙቀቱን ጨርሶ 85፣ 90 ላይ ወርዷል። ሁሉም በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። ከዚያ ሳይክሎን በሚሉት፣ ዱቄቱን ከአየሩ በሚለየው ክፍል ውስጥ እየተሽከረከረ ዱቄቱ ወደ ታች፣ አየሩ ወደ ላይ። አንቺን ያቃጠለሽ ምድጃ ይህን ሊያደርግልሽ አይችልም፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ።

ግን ማሽኑ የሚወደው የተሰናዳ ነገር ነው። ወፍራም፣ ቅባት የሌለው፣ የተጣራ፣ ሞቅ ያለ። ወፍራም ስልሽ ከመቶ 30 ደረቅ ነገር የያዘ ማለቴ ነው። እንደዚያ ካደረስሽው ለአንድ ኪሎ ዱቄት የምታባርሪው ውሃ ከ19 ኪሎ ወደ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ይወርዳል። አምስት ሰዓቱ 40 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ጨዋታው ያለው ድራየሩ ጋ አይደለም፣ ከድራየሩ በፊት ነው።

ሽታው ላይ የደረሰብኝን ላውጋሽ። አንድ ጊዜ አንድ ተቋም ውስጥ ለሙከራ የምንጠቀምበት ትንሽ ድራየር ነበር። አንድ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ የዓሣ መረቅ አደረቀበት። ለእኛ አልነገረንም። በሙቅ ውሃ አጥቦ ሄደ። ሰኞ ወተት ሞላንበት። ዱቄቱ ሲወጣ ነጭ፣ ያማረ፣ እንደ ጉም። ለሻይ አደረግነው። አለቃችን አንድ ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝም አለ። እኔም ቀመስኩ። የሐይቅ ዳር ሻይ ነበር። በኮስቲክ ሶዳ አጠብን፣ በአሲድ አጠብን፣ የሳይክሎኑን ላስቲክ ሁሉ ቀየርን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስለዚህ ሽሮና ዓሣ በአንድ ጣሪያ ሥር አይታሰብ። ቤቱም፣ ወንፊቱም፣ ሽርጡም ለየብቻ።

የባልትናዋ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ። ሳነበው እናቴ ጎኔ ነበረች። "የሐይቅ ዳር ሻይ" ላይ ስትደርስ ስቃ ስቃ፣ ከዚያ "አላልኩሽም?" አለችኝ።

ሁለት ነገር አልገባኝም። መረቁን ምድጃ ላይ እያንተከተኩ ማወፈር አልችልም? ሌላው፣ ወፍራም ይሁን ብለዋል፣ ግን ያ እንደ ሙጫ የተለጠፈብኝ ማሽኑ ውስጥም አይለጠፍም?

መንዜው በኖርዌይ፦

እህቴ፣ እኔ ከመሐል ሜዳ ነኝ። አሁን የምሠራው ኖርዌይ ውስጥ የሳልመን ተረፈ ምርት የሚያቀነባብር ፋብሪካ ነው። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ27 ዓመቴ ነው፣ አሁን ግን ልብሴ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል።

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኛ ጋ ጎብኚ ሲመጣ የሚያየው ድራየሩን ነው፣ ሦስት ፎቅ ስለሆነ። ከእሱ በፊት ያለው ግን ሙሉ አዳራሽ ነው። ጭንቅላትና አጥንቱ ይፈጫል። ታንክ ውስጥ ገብቶ 50፣ 55 ዲግሪ ላይ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ኢንዛይሙ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈትቶ ፕሮቲኑን ወደ ትንንሽ ቁራጭ ይለውጠዋል፣ በውሃ የሚሟሟ ይሆናል። ከዚያ ሙቀቱን ወደ 90 ከፍ አድርገን ኢንዛይሙን እንገድለዋለን። ቀጥሎ የሚያሽከረክር መለያ አለ፤ አጥንቱን ወደ አንድ ወገን፣ ዘይቱን ወደ ሌላ፣ መረቁን ወደ ሌላ። ዘይቱ ለብቻው ይሸጣል። መረቁ ቫኪዩም ያለው (አየሩ የተመጠጠ) ማትነኛ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ድራየሩ ከዚያ በኋላ ነው።

እስያ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። የቱና ቆርቆሮ ፋብሪካዎች ዓሣውን ሲቀቅሉ የሚወጣውን ውሃ አይደፉም፣ አወፍረው ለቅመም ያውሉታል። የሽሪምፕ ጭንቅላት፣ የኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ጭማቂ፣ ሁሉም እንዲህ ዱቄት ሆኖ ያቺ ከኢንዶሚ ጋር የምትመጣው ዓይነት ከረጢት ውስጥ ይገባል። ሁሉም ጋ የሚያስጨንቃቸው ቅባቱ ነው። ዘይት ከቀረበት ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ሳይክሎኑ ላይ ይለጠፋል፣ ደግሞ የዓሣ ዘይት ከአየር ጋር አይስማማም፣ ቶሎ ይከረፋል። ስለዚህ ቆሮሶሽን ያዢ። አምባዛ ቢረክስልሽም ቅባት ይበዛዋል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንሽም።

መለጠፉን ማልቶዴክስትሪን ነው የሚያግዘው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ጣዕም የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። መረቁ ውስጥ ሲጨመር ዱቄቱ ሙቀት ላይ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። የግራር ሙጫም ይሠራል፣ ያውም የቦረና ሙጫ አገር ውስጥ አለላችሁ። ሲበዛ ግን መረቅ ሳይሆን ስታርች እየሸጥሽ ነው።

ፓፓያ ዘሸዋሮቢት፦

ኢንዛይም ካላችሁ ሸዋሮቢት ፓፓያ ሞልቷል! ያልበሰለውን ፓፓያ ጫር ሲያደርጉት የሚወጣው ነጭ ወተት ፓፔን አለው፣ ሥጋ ያለሰልሳል። እህታችን ነይ፣ እኛ ጋ በነፃ ትወስጃለሽ።

መንዜው በኖርዌይ፦

ፓፔን ትክክለኛ ኢንዛይም ነው፣ ኢንዱስትሪውም ይጠቀምበታል። ግን አገር ቤት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ችግር ታዝቤያለሁ። ፓፔን ሙቀት ይችላል፣ በቀላሉ አይሞትም። ውሃ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ከዚያ አያልፍም። ባቄላው አልበስል ብሎ ቀኑን የሚያውለው ለምን ይመስላችኋል? ስለዚህ በደንብ ረዘም አድርጎ ማፍላት ወይም ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ነው። ኢንዛይሙ ሳይሞት ከቀረ መረቁ ሊመር ይችላል። ፕሮቲን ሲቆራረጥ መራራ ቁራጭ ሊወጣው ይችላል።

የወተቱ ጋሼ፦

ይኸው፣ ጉባኤ ሆነ።

ምድጃ ላይ ማወፈር ላልሽው፤ 40 ሊትሩን ወደ 7 ሊትር ማውረድ አለብሽ። 33 ሊትር ውሃ በእሳት። ይቻላል። ግን እየወፈረ ሲሄድ ታቹ ይይዛል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ያ ጎረቤት ያስታወሰው ሽታ ይመጣል። ፋብሪካ በቫኪዩም የሚሠራው ለዚህ ነው፣ 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ ይፈላለታል። የቫኪዩሙ ማትነኛ ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ማንም አያስበውም፣ እኔ ግን የደብረ ብርሃንን ኅዳር ስለማውቅ አስባለሁ። የአጥንት መረቅ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገር መረቁ ከታንክ ወደ ዲስክ በሚሄድባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይረጋብሻል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ዲስኩ ባዶውን ይዞራል፣ ማሞቂያው ግን መሞቁን አያቆምም። መውጫው ላይ ያለው ሙቀት 90 የነበረው 130 ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዱቄት መጨስ ሊጀምር ይችላል። እዚያ ሆድ ውስጥ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ደረቅ ዱቄት ደግሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ወተትም ይፈነዳል፣ ዓሣም ይፈነዳል። ስለዚህ ታንኩም ቱቦውም 55 ዲግሪ ገደማ ሞቆ መቆየት አለበት። ሰው ከማሽኑ ዞር ማለት የለበትም። ሽሮ ወፍጮ አይደለም፣ እህል ጨምረሽበት ቡና ልታፈይ አትሄጂም።

ደግሞ የበጋው አየራችሁ ደረቅ ነው፣ ለማድረቅ ይመቻል። ክረምት ላይ ግን ዱቄቱ ከሳይክሎኑ ሲወጣ ወዲያው ከረጢት ውስጥ ካልታሸገ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ታገኝዋለሽ።

ይህን ሁሉ ሰምተሽ አሁንም ማሽኑን ማየት ከፈለግሽ እዪው። ማየት ገንዘብ አያስከፍልም። ስትሄጂ ግን ማግኔት ያዢ። ሆዱና ሳይክሎኑ ላይ ከያዘ ለዓሣና ለጨው አትመኚው፣ ይዝጋል። ባለቤቱን ንጹሕ ውሃ ሞልተህ አስነሳልኝ በይው። ዲስኩ ሲዞር እጅሽን ከውጭ አካሉ ላይ አድርጊ፤ መንቀጥቀጥ ካለው ቤሪንጉ ሄዷል ወይም ዲስኩ ሚዛኑን ስቷል። ዋናው ደግሞ የሳይክሎኑን ታች ክዳን ከፍተሽ አፍንጫሽን አስገቢ። ማሽን ስለ ራሱ አይዋሽም።

ታዛቢው፦

ቅድም ቀልጄ ነበር፣ አሁን ግን ጉዳዩ ያዘኝ። ሄደሽ አየሽው ወይ?

የባልትናዋ ልጅ፦

ሄድኩ። ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ደላላው ማግኔቷን ከቦርሳዬ ሳወጣ "እህቴ ቀድሞ ማሽን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ሸኖ ጋሼ አለኝ" አልኩት።

ማግኔቱ ሆዱ ላይ አልያዘም። ደስ አለኝ። ሳይክሎኑ ላይ ግን ጥብቅ። ሌላ ቦታ ተሠርቶ የተገጠመ ነው፣ ብየዳው ራሱ ያስታውቃል። ውሃ ሞልተህ አስነሳልኝ ስለው "ስሪ ፌዝ መብራት ዛሬ የለም" አለኝ። አጠገቡ ያለው የብየዳ ቤት ግን በስሪ ፌዝ እየሠራ ነበር።

ከዚያ የታችኛውን ክዳን አስከፍቼ አሸተትኩ። ጋሼ፣ ወተት አይደለም። ቡናም አይደለም። የልብስ ሳሙና ነው። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ዱቄት ቀርቷል።

የወተቱ ጋሼ፦

የልብስ ሳሙና ዱቄትም የሚሠራው በስፕሬይ ድራየር ነው። ታጥቦም ለሰው ምግብ አይሆንም። ዝርዝሩን ተዪው፣ ደላላውን ስልክሽ ውስጥ ብሎክ አድርጊው።

አሁን ምን አሰብሽ?

የባልትናዋ ልጅ፦

መረቁን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ። ፓፓያ ዘሸዋሮቢት ደውሎልኝ ነበር። እነሱ ጋ ቆላ ነው፣ የቆሮሶ ሥጋ በስሱ ተዘልዝሎ በወንፊት ጨርቅ ተሸፍኖ ቢሰቀል በሁለት ቀን ኳንታ ይሆናል አለኝ። ኳንታውን ፈጭቼ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር አዋሕጄ ልሞክር ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ታቹ ይዘቅጣል፣ አውቃለሁ። ለሾርባ ግን ማን ያየዋል? ድራየር አያስፈልገውም። ወፍጮውን ግን ሌላ እገዛለሁ፣ ትንሽ የቤት። እናቴ የሽሮው ወፍጮ አጠገብ ዓሣ ካየች ከቤት ትወጫለሽ ብላኛለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጋሼ። ኳንታው በደንብ መድረቁን በምን አውቃለሁ?

የወተቱ ጋሼ፦

እጠፊው። ከታጠፈ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ፍጪው። ለመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ደግሞ አድራሻዬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።